የተሾመች ስእለት

እኔ ፈለቀ እባላለሁ። ቦንጋ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈትኩ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ገብቶኝ እንዳይመስላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ግራ ሲገባው ደግሞ አያድርስ ነው። ቁጭ ብሎ መላልሶ ይሠራዋል፤ መልሱ በየጊዜው ሌላ እየሆነ ይወጣል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ተሾመች አበልጄ ናት። ልጇን ዮናታንን በአርባ ቀኑ ታቅፌ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ሲሞላው ማጅራት ገትር ያዘውና ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። አባቱ ቀድሞ ስለሞተ ተሾመች ብቻዋን ነበረች። ያኔ ነው ለመድኃኔዓለም የተሳለችው፦ «ልጄን ማርልኝ፤ ሲያድግ በቁመቱ ልክ ጧፍ ይዞ ደጅህ ቆሞ በገዛ አፉ ያመሰግንሃል።» ልጁ ዳነ። ስእለቱ ግን ሳይደርስ ሃያ አንድ ዓመት አለፈው። መጀመሪያ «ምስጋና ምን እንደሆነ እስኪያውቅ ይደግ» አለች። ቀጥሎ «ይመረቅ» አለች። ተመርቆ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊማር አዲስ አበባ ሄደ። ተመልሶ እዚሁ ስታትስቲክስ ሲያስተምር፣ በመጀመሪያው ፋሲካ «እማዬ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ እግዚአብሔር መኖሩን አላምንም» ብሏት ቁጭ አለ።

ጉድ ፈላ በሉ! ሌላ እናት ብትሆን እያለቀሰች ጠበል ትወስደው ነበር። ተሾመች ግን ዞን መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ስትሠራ ያልተባለ ቃል ደብዳቤ ውስጥ አስገብታ የማታውቅ ሴት ናት። ልጇንም ያሳደገችው በዚሁ ነው። አንድ ጊዜ ስኳር ልሶ «አልነካሁም» ቢላት፣ ለስኳሩ ሳይሆን ለውሸቱ የገረፈችውን ግርፊያ የገላገልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ እውነት ተናገር ብላ ያሳደገችው ልጅ እውነቱን ነገራት። ምን ትበለው? «እሺ» ብላ ተወችው።

ዘንድሮ እንቅርቷ እያበጠ ሄዶ የአየር ቧንቧዋን ተጫናት። ተንጋላ መተኛት አትችልም፤ ስትናገር ትንፋሿ ያፏጫል። ጅማ ለሰኞ ኦፕራሲዮን ተቀጠረላት። ይህ ቀጠሮ ካለፈ ተራ የሚደርሳት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ዮናታንን ለብቻው ጠርቶ «አራት ወር የምትጠብቅ አይመስለኝም» ብሎታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ (አፌን በቆረጠው፣ ለእሷ እንኳ ይህ ተረት አይነገርም) ሐሙስ ጠዋት አስጠርታኝ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«አበልጄ፣ ስእለቴን ሳላደርስ ቢላዋ አይነካኝም።»

«ታዲያ አድርሺዋ! ጧፉን እኔ አመጣልሻለሁ።»

«የጎደለው ጧፍ መሰለህ? በገዛ አፉ ያመሰግንሃል ብዬ ነው የተሳልኩት። የማያምን አፍ ምን ብሎ ያመሰግናል?»

«ለእናቱ ሲል ሁለት ቃል ይበላ! ምን ይጎዳዋል?»

«የውሸት ምስጋና አስይዤው መድኃኔዓለም ፊት ልቁም? ከዚያ ሄጄ ቢላዋ ሥር ልተኛ?» አለችና ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኳት። «ክርስትና አባቱ አንተ ነህ። ለሰው ልጅ ሁሉ ስታስረዳ የኖርክ ሰው ነህ። እስከ እሁድ ጊዜ አለህ፤ አስረዳው።»

ማስረዳቱንስ እውነቷን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ጎረምሶች ሃያ ዓመት «እምነትና ምክንያት» እያልኩ አስተምሬያለሁ። አምስት ደብተር አለኝ። የእግዚአብሔርን መኖር የሚያሳየው ክርክር በሰማያዊ፣ ተቃውሞው በቀይ፣ የተቃውሞው መልስ እንደገና በሰማያዊ። ባለቤቴ አብርሆት «አንተ እኮ እግዚአብሔርን እንደ ሦስት ማዕዘን ነው የምታረጋግጠው» እያለች ትስቅብኛለች። ያም ሆኖ ደብተሮቼን አቅፌ ከተሾመች ቤት ስወጣ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እስከ እሁድ ይተርፈኛል ብዬ ነበር። ሞኝ!

ዮናታን ከሰዓት ክፍል ስላልነበረው ሱቄ መጣ። ቁመቱ መቃኑን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ሁልጊዜ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚገባው።

«ጋሼ፣ እማዬ ነገረችዎት አይደል?»

«ነግራኛለች። ቁጭ በል።»

«እኔስ ጠልቼ ይመስልዎታል? እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንቴ። እንዲያሳምኑኝ እፈልጋለሁ፤ እውነቴን ነው። ብዋሻት ዓይኔን አይታ ታውቅብኛለች። ባታውቅብኝ ደግሞ ያ ይብሳል።»

እንዲህ ያለ ተማሪ ማን ያገኛል? ወዲያው ገባሁበት። ሱቄ ውስጥ የግድግዳ ሶኬት አንድ ብቻ ስለሆነች ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ ቀጣጥዬ ነው የምሠራው። በእግሬ አሳየሁት። «ማሽኑ መብራት የሚያገኘው ከዚህ ኤክስቴንሽን ነው። ይህ ከዚያኛው፣ ያኛው በሩ ሥር ካለው። እንዲህ እያልን ማለቂያ የሌለው ኤክስቴንሽን ብንቀጣጥል፣ ግን አንዱም ግድግዳው ላይ ባይሰካ፣ ማሽኑ ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«በል እንግዲህ! ዓለምም ይኸው ናት። እዚህ ያለው ነገር ሁሉ መኖሩን ያገኘው ከሌላ ነው። ከማንም ያልተቀበለ፣ መኖር የራሱ የሆነ አንድ ግድግዳ የግድ አለ።»

ይህን ብዬ እጄን ሳላወርድ መብራት ሄደ። ማሽኑ ሲጥ ብሎ ዝም። ዮናታን ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው።

«ግድግዳውን እቀበላለሁ፣ ጋሼ» አለ። «መነሻ የሌለው አንድ ነገር ሊኖር ይችላል። ግን ግድግዳን ምን ብዬ ላመስግን? እማዬ ስትለምን ግድግዳው ሰምቷታል ወይ? የኔ ጥያቄ እሱ ነው።»

ለዚህም ገጽ ነበረኝ። ሦስተኛው ደብተር ላይ ከግድግዳው ወደ ሰሚው የሚያሻግሩ አራት ነጥቦች አሉ። በስልኬ መብራት አነበብኩለት። እያነበብኩት ግን ለራሴ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የማነብ መሰለኝ። ዮናታን እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጠኝ። የገደለኝ ትሕትናው ነው።

ዓርብ ወደ ማንኪራ ጫካ ወረድን። ተሾመች «የገበያው ሰም ሻማ ይቀላቀልበታል፣ ንጹሕ ሰም ካልሆነ» ስላለች፣ ቢሻው የሚባል የማውቀው ንብ አናቢ ዘንድ መሄዳችን ነው። ባጃጁ የሚደርስበት ድረስ አድርሶን ቀሪውን በእግራችን በጫካው ውስጥ አቋረጥን። ቢሻው ሰሙን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ቀና ብል፣ እላይ ዛፉ ጫፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ይህን ዕድል ማን ያሳልፋል?

«ዮናታን፣ ያ ቀፎ ይታይሃል? ማን እንደሰቀለው ባታይ እንኳ ራሱን በራሱ ሰቀለ ትላለህ?»

ዮናታን ሳይመልስ ቢሻው ገባበት። አፉን የፈታው በካፍኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ሁሉን «አንተ» ይላል፣ ማንም አይቀየመውም። «ጋሽ ፈለቀ፣ ቀፎ እኔ ነው የሰቀልኩት። ንብ ግን ቀፎ ባይኖርም ትኖራለች። እዚያ ማዶ የዛፍ ጉድጓድ አለ። ማንም አልሠራም። ማር ሞልቷል።»

«ጉድጓዱንስ ማን ሠራው?»

«በሰበሰ።»

«ንቧንስ? ንቧን ማን ሠራት?»

ቢሻው ራሱን አከከ። «እሱን አንተ ነህ አስተማሪ። እኔ ቀፎ እሰቅላለሁ፣ እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ንብ ይገባል። አንዳንዱ ሦስት ዓመት ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እንደገና እሰቅላለሁ።»

ዮናታን ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። እኔ ግን ተናደድኩ። በቢሻው ይሁን በዮናታን ይሁን በራሴ ይሁን አላውቅም፤ እስከ ባጃጁ ድረስ ወደ ኋላ ሳልዞር ሄድኩ። ዮናታን ሰሙን ተሸክሞ ከኋላዬ እየመጣ «ጋሼ፣ የቀረን ነገ ብቻ ነው» አለኝ። እንዳላወቅኩት!

ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ተሾመች ቤት ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብለናል፣ ዮናታንና እኔ። እሷ መጋረጃው ማዶ ጓዳ ውስጥ ወንበሯ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ወይም ወስዷታል ብለናል። አራተኛውን ደብተር አወጣሁ። ደግና ክፉ የሚለይ ሕግ ልባችን ላይ ካለ ሕግ አውጪ አለ የሚለውን ክርክር። ዮናታን «እኔ መዋሸት የማልችለው እማዬ ስለገረፈችኝ ነው ብልስ?» አለኝ። የተጻፈ መልስ ነበረኝ። ላነብለት ገጹን ስገልጥ እጁን ደብተሩ ላይ ጫነ።

«ጋሼ፣ ወንበር እንቀያየር?»

ይህ የኔው ልማድ ነው። ክፍል ውስጥ የሚከራከረኝ ተማሪ ካለ፣ ጠመኔውን ሰጥቼው እሱ ወንበር ላይ ሄጄ እቀመጥ ነበር። እሱ የኔን ወገን ይዞ ይሟገታል፣ እኔ የሱን። ወንበር መቀያየር እንለው ነበር። ዮናታንም ተማሪዬ ስለነበር ያውቀዋል። በጄ አልኩና ተነስቼ እሱ ቦታ ተቀመጥኩ። እሱ የአማኙን ወንበር ያዘ።

በጨዋታ ነው የጀመርኩት። በቀይ የጻፍኳቸውን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ እያሾፍኩ፣ «አቶ ዮናታን፣ እስቲ አምላክህን አምጣው» እያልኩ። እሱም ከሰማያዊው እያስታወሰ ይመልሳል። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ።

«እናትህ ተሳለች፣ አንተ ዳንክ፤ ማስረጃህ ይህ ነው አይደል?» አልኩት። «ስታትስቲክስ ነው የምታስተምረው። ያን ሳምንት እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ ተኝቶ ነበር?»

«አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ። አምስት። የአምስቱም ወላጆች ተስለዋል፤ አንድም ያልተሳለ አልነበረም። ሁለት ዳኑ፣ ሦስት ሞቱ። ካንተ አልጋ ቀጥሎ ማን ነበረች?»

ዮናታን ዓይኑን ከኔ ላይ አነሳ። ያውቃል።

«ዮሀና ነበረች። የኔ ልጅ። ስድስት ዓመቷ ነበር። እኔም ተስያለሁ! ጧፍ አይደለም የተሳልኩት። የኔን ዕድሜ ወስደህ ለእሷ ስጣት ብዬ ነው፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ። እናትህን ከሰማ እኔን ለምን ዘጋኝ? ተሾመች ምን ብትለው ነው የሰማት፣ እኔ ምን ሳልለው ቀርቼ ነው? ወይም አልሰማም። የሚሰማ የለም። ሳንቲም ተወረወረ፣ ላንተ በአንበሳው በኩል ወደቀ፣ ለእሷ በሌላው ወደቀ፣ አለቀ። ለሳንቲም ደግሞ ጧፍ አይበራም!»

ድምፄ ከዝናቡ በላይ ሆኖ ነበር።

ዮናታን ደብተሩን ከደነው። «ለዚህ መልስ የለኝም» አለ። «ግን ጋሼ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በማን ነው የተቆጡት?»

«በማንም አልተቆጣሁም። አሁን እኮ የለም የሚለው ወገን ነኝ።»

«ሳንቲምን ማን ያኮርፋል? ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ሰው ያለቅሳል እንጂ ጎርፉን ሃያ ዓመት አያኮርፍም። የሌለን ሰው ማን ያኮርፋል? እርስዎ አሁን የተናገሩት የሚያውቁት ሰው እንደከዳዎት ሆነው ነው።» ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «እኔን ያስቸገረኝ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጠዋት ጭጋጉ ከጫካው ላይ ሲነሳ፣ እማዬ ጓዳ ስትንጎዳጎድ ስሰማ፣ ማመስገን ያምረኛል። እሷን ማመስገን ነው፣ ግን ከእሷ ያልፋል። አፌ ላይ ይደርስና የሚሄድበት ያጣል። ለማንም ያልሆነ ምስጋና ከየት መጣብኝ? ከራሴ ከሆነ ለምን ወደ ውጭ ይገፋኛል?»

መጋረጃው ተገለጠ። ተሾመች መቃኑን ይዛ ቆማለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ልጄ ተመለሰልኝ» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ ግን፣ አበልጄ... እንዲህ ነበርክ ለካ? አምስት ደብተር ሙሉ?»

ወይ ጉድ! «ጨዋታ ነው፣ ወንበር ተቀያይረን ነው» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። አፌን ከፈትኩ። ግን ይህን ካልኳት ጅማ አትሄድም። ዮናታንን አየሁት፤ እሱም እኔን። ሁለታችንም ያንኑ እያሰብን ነው። ደግሞ ሌላም ነገር ያዘኝ። ጨዋታ ነው ልላት ነበር፤ ጨዋታ መሆኑን ግን እኔ ራሴ እርግጠኛ አልነበርኩም።

እሷ ጊዜ አልሰጠችንም። ክር አስመጣች። ወንበር ላይ ወጥታ ክሩን ዮናታን አናት ላይ ያዘች፤ እኔን «ከተረከዙ ያዝ» አለችኝ። ተንበርክኬ ያዝኩ። መምሬ ገብረሚካኤል ቀደም ሲል «የሰባት ዓመት ቁመቱ ይበቃል፤ የተሳልሽው ያኔ ነው» ብለዋት ነበር። አልሰማቻቸውም። «ሲያድግ ነው ያልኩት፤ ያደገው ይህን ያህል ነው» አለች። ከሰዓቱን ሙሉ ክሩን በቀለጠው ሰም ውስጥ እያሳለፈች፣ እያፏጨች፣ ዮናታን «እረፊ» ሲላት እየተቆጣች ሠራችው። ካፖርቴን ለብሼ ስወጣ ዮናታን ተከትሎኝ በረንዳው ላይ ወጣ።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አልኩት። ዝናቡ መንገዱን ሙሉ ደበደበኝ፤ ጃንጥላ መያዜን ያስታወስኩት ቤቴ ደርሼ ነው።

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ስለ ሌሊቱ ግን የሚወራ ነገር የለም።

እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ መድኃኔዓለም ደጅ ተገናኘን። ወደ ጅማ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ከግቢው ውጭ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ተሾመች ነጠላዋን አንገቷ ላይ እስከ አገጯ ጠቅልላለች። ዮናታን ጧፉን ጠቅልሎ ክንዱ ላይ አድርጎታል። መምሬ ገብረሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቆሙ። ተሾመች «በል ልጄ» አለችው።

ዮናታን አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ተመለሰ።

«እማዬ፣ ልነግርሽ ነው። ትናንት የሰማሽው ወንበር ተቀያይረን ነው። እኔ የጋሼን ወገን ይዤ ነበር፣ ጋሼ የኔን። አምኜ አልነበረም። ትናንት ልነግርሽ ሲገባ ፈራሁ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀ አልኩ። ሚኒባሱ ባዶውን ሲመለስ፣ ሰኞ ሲያልፍ፣ አራት ወር ሲቆጠር ታየኝ። ልጁን በልቤ ረገምኩት፤ ደግሞ ያው ልቤ ኮራበት።

ተሾመች ነጠላዋን ከአገጯ ዝቅ አድርጋ ልጇን አየችው።

«ትናንት ያልከውን ከደብተሩ ነው ያነበብከው?» አለችው።

«አይደለም።»

«እሱ ነው በል ያለህ?»

«አይደለም።»

ወደኔ ዞረች። «አንተስ? ትናንት ያልከው ደብተርህ ውስጥ አለ?»

አምስቱን ደብተር በሐሳቤ ገለጥኩ። ቀዩንም ሰማያዊውንም። ዮሀና የሚል ስም አንድ ቦታ እንኳ የለም። «የለም» አልኳት።

«እንግዲህ የተቀያየራችሁት ወንበር ብቻ ነዋ» አለች።

«እማዬ፣ አሁንም መኖሩን አላውቅም» አለ ዮናታን። ድምፁ ሊሰበር ደርሷል። «አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም።»

«ያመሰግንሃል ነው ያልኩት። ያውቅሃል አላልኩም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ማመስገን ያምረኛል ያልከው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እሱን ንገረው። ከዚያ አትጨምር፣ ከዚያ አትቀንስ።»

ዮናታን ጫማውን አወለቀ። ወደ በሩ ሄዶ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። የተናገረው ጥቂት ነው፤ ሁላችንም ሰምተነዋል። «ማን እንደሆንክ አላውቅም። ስላኖርከኝ አመሰግናለሁ። ስለ እናቴ አመሰግናለሁ።» መምሬ ገብረሚካኤል ወደ ተሾመች አዩ፣ ወደኔ አዩ። እንዲህ ያለ የስእለት ቃል ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከዚያ ጧፉን ተቀበሉትና «ስእለትህን ይቀበልልህ» አሉት።

ተሾመች እልል ልትል ሞከረች። ድምፅ አልወጣላትም፤ እኔ ነኝ በሷ ፈንታ እንደ ልጅ ያለቀስኩት።

ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ከፍታ ጠራችኝ። «አበልጄ፣ ዮሀናን ለምን ደብተርህ ውስጥ አላስገባሃትም?»

ምን ልበላት? ልጄ ከሞተች ወዲህ እግዚአብሔር መኖሩን ለስንት ሰው አስረድቻለሁ። ቆሜ አስቀድሻለሁ፣ ጾሜያለሁ። አንድም ነገር ግን ለምኜው አላውቅም። አንዲት ነገር እንኳ! ይህን ያወቅኩት እዚያ ሚኒባስ መስኮት ሥር ቆሜ ነው።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ያስገቡኛል» አለች። «ጸልይልኝ።»

«ተሾመች፣ እኔ እኮ ትናንት የሰማሽው...»

«ሰምቻለሁ። የተኮራረፈ ሰውም ለቁም ነገር ይነጋገራል።»

ሚኒባሱ ሄደ።

ይኸው ዛሬ ሰኞ ነው። ሱቄን ሳልከፍት መጥቼ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሦስት ሰዓት አልፎ አራት ተኩል ሆኗል፤ የዮናታን ስልክ ገና አልጠራም። ከግድግዳው ጀምሬ ሁሉንም ክርክሬን በሐሳቤ አወጣሁ አወረድኩ። አንዱም ለልመና አይሆንም። ልጁ አምኖ ይሁን ሳያምን አላውቅም። እኔ አምኜ ይሁን አኩርፌ፣ እሱንም አላውቅም። ሁለቱ አንድ ይሆኑ እንደሆነስ? ዞረብኝ።

ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። ተነስቼ ትናንት ዮናታን የቆመበት ቆምኩ።

«እኔና አንተ ገና አልታረቅንም» አልኩት፣ ድምፄን አውጥቼ። «ተሾመችን ግን መልስልኝ።»